የመቁጠሪያ ጸሎት

የመቁጠሪያ ጸሎት (በላቲን ሮዛሪዩም፣ በእንግሊዝኛ ሮዛሪ) በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ዘንድ የሚዘወተር፣ የኢየሱስ ክርስቶስንና የእናቱን የድንግል ማርያምን ሕይወት እያሰላሰሉ በዶቃ ቁጥር የሚደርስ ጸሎት ነው። «መቁጠሪያ» የሚለው የአማርኛ ቃል «ቆጠረ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ ዶቃው የተሰካበትን ክርም በእርሱ የሚጸለየውንም ጸሎት ያመለክታል። ሮዛሪዩም ደግሞ በላቲን «የጽጌረዳ አትክልት ቦታ» ማለት ነው።

በኢትዮጵያ «መቁጠሪያ» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊታሰቡ ይችላሉ። አንዱ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ መነኮሳት፣ ካህናትና ምእመናን የሚይዙት 41 ወይም 64 ፍሬ ያለው መቁጠሪያ ነው። ሌላው 59 ፍሬ ያለው የካቶሊክ መቁጠሪያ ነው። እንደ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና በዙሪያቸው እንዳለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ባሉ፣ ሕዝቡ በአብዛኛው ኦርቶዶክስ በሆነባቸው አካባቢዎች፣ ሰው በእጁ መቁጠሪያ ይዞ ሲታይ በብዛት የሚታሰበው የመጀመሪያው ነው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የካቶሊኩን ጸሎት ይገልጻል፤ ከኦርቶዶክሱ ጋር ያለውን መመሳሰልና ልዩነት፣ እንዲሁም የካቶሊክ እምነት በጎጃም ያለፈበትን ታሪክም ያስረዳል። ልዩ መግለጫ ካልተሰጠ በቀር ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

የመቁጠሪያው አሠራር

የተለመደው የካቶሊክ መቁጠሪያ 59 ፍሬዎች አሉት። ከእነዚህ 53ቱ ትንንሽ፣ 6ቱ ደግሞ ተለቅ ያሉ ወይም ለብቻቸው ራቅ ብለው የተሰኩ ናቸው። ዋናው ክብ አምስት ክፍሎች ሲኖሩት በእያንዳንዱ ክፍል አሥር ትንንሽ ፍሬዎች ይገኛሉ። ከክቡ ወደ ታች የሚንጠለጠለው አጭር ክር አምስት ፍሬዎችን ይይዝና በመስቀል ያበቃል። ክቡና አጭሩ ክር የሚገናኙበት ቦታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የድንግል ማርያም ምስል ያለበት ሜዳሊያ ይደረጋል።

ፍሬዎቹ ከእንጨት፣ ከዘር፣ ከመስታወት፣ ከድንጋይ ወይም ከፕላስቲክ ሊሠሩ ይችላሉ። በቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት መቁጠሪያው በካህን ተባርኮ ለጸሎት የሚውል ነገር እንጂ ጌጥ ወይም ክታብ አይደለም። ጸሎቱም ያለ መቁጠሪያ፣ በጣት እየተቆጠረ ሊደርስ ይችላል።

አጸላለዩ

ጸሎቱ በአንድ ሰው ወይም በቡድን ሊደርስ ይችላል። በቡድን ሲሆን አንዱ የጸሎቱን የመጀመሪያ ግማሽ ይመራል፤ ሌሎቹ ሁለተኛውን ግማሽ ይቀበላሉ። አምስቱን ክፍል ለመጨረስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

1. በመስቀሉ ላይ አማትቦ የሐዋርያትን ጸሎተ ሃይማኖት መጸለይ።
2. በመጀመሪያው ትልቅ ፍሬ «አባታችን ሆይ»ን መጸለይ።
3. በቀጣዮቹ ሦስት ትንንሽ ፍሬዎች ስለ እምነት፣ ስለ ተስፋና ስለ ፍቅር የመልአኩን ሰላምታ ሦስት ጊዜ መጸለይ፤ ከዚያም ለሥላሴ ምስጋና ማቅረብ።
4. የመጀመሪያውን ምስጢር ስም መጥራትና «አባታችን ሆይ»ን መጸለይ።
5. ምስጢሩን እያሰላሰሉ በአሥሩ ትንንሽ ፍሬዎች የመልአኩን ሰላምታ አሥር ጊዜ መጸለይ፤ በመጨረሻም ለሥላሴ ምስጋና ማቅረብ።
6. በቀሩት አራት ምስጢራትም ይህንኑ መድገምና በማርያም የምልጃ ጸሎት መፈጸም።

ዘወትር የሚደጋገመው የመልአኩ ሰላምታ ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 የተወሰደ ሲሆን፣ መልአኩ ገብርኤል በብሥራት ጊዜ የተናገረውንና (ቁጥር 28) ኤልሳቤጥ ማርያምን ስትቀበል ያለችውን (ቁጥር 42) ያጣምራል። ሁለተኛው ማርያም ለኃጢአተኞች እንድታማልድ የሚጠይቅ ልመና ነው። ይህ ልመና በላቲን ሥርዓት የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ዛሬ ባለው መልኩ የጸናው በ1568 ዓ.ም. በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 5ኛ ዘመን ነው።

ሃያው ምስጢራት

በመቁጠሪያ ጸሎት «ምስጢር» የሚባለው በእያንዳንዱ ክፍል የሚታሰበው የክርስቶስ ወይም የማርያም የሕይወት ክንውን ነው። ምስጢራቱ በአራት ይመደባሉ።

የደስታ ምስጢራት (ሰኞና ቅዳሜ)፦ ብሥራት፣ ማርያም ኤልሳቤጥን መጎብኘቷ፣ የኢየሱስ ልደት፣ ሕፃኑ ወደ ቤተ መቅደስ መወሰዱ፣ በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ መገኘቱ።

የብርሃን ምስጢራት (ሐሙስ)፦ የኢየሱስ ጥምቀት፣ የቃና ዘገሊላ ሠርግ፣ የእግዚአብሔር መንግሥት ስብከት፣ ደብረ ታቦር፣ የቅዱስ ቁርባን መመሥረት።

የሐዘን ምስጢራት (ማክሰኞና ዓርብ)፦ በጌቴሴማኒ የተደረገው ጸሎት፣ ግርፋት፣ የእሾህ አክሊል፣ መስቀል መሸከም፣ ስቅለት።

የክብር ምስጢራት (ረቡዕና እሑድ)፦ ትንሣኤ፣ ዕርገት፣ የመንፈስ ቅዱስ መውረድ፣ የማርያም ፍልሰታ፣ የማርያም አክሊል መቀዳጀት።

ከሃያው አሥራ ስምንቱ በአዲስ ኪዳን የተተረኩ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን ከቤተ ክርስቲያን ትውፊት የመጡ ናቸው። የማርያም ወደ ሰማይ መፍለስ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የእምነት ድንጋጌ ሆኖ የታወጀው በ1950 ዓ.ም. ነው። በኢትዮጵያ ይኸው መታሰቢያ ከጾመ ፍልሰታ በኋላ ነሐሴ 16 ቀን ይከበራል።

አመጣጥና እድገት

ገዳማውያን 150ውን የዳዊት መዝሙራት ሲደግሙ፣ ማንበብ የማይችሉ ክርስቲያኖች ደግሞ በምትኩ 150 ጊዜ «አባታችን ሆይ» ማለት ልማዳቸው ነበር። ለዚህም ቋጠሮ ያለበት ክር ወይም ዶቃ ይጠቀሙ ነበር። በመካከለኛው ዘመን በምዕራብ አውሮፓ የመልአኩ ሰላምታ በ«አባታችን ሆይ» ቦታ እየገባ ሄደ፤ ጸሎቱም «የማርያም ዳዊት» ተብሎ ተጠራ። የዳዊትን መዝሙር ለየዕለቱ ከፍሎ መድገም ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ዳዊት መድገም ከንባብ ትምህርት ጀምሮ እስከ ዕለት ጸሎት ድረስ የጸና ልማድ ነው።

ጸሎቱን ማርያም ለቅዱስ ዶሚኒክ (በ1221 ዓ.ም. ያረፈ) ሰጠችው የሚል ትውፊት አለ። በሰፊው እንዲታወቅ ያደረገው በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የዶሚኒካን መነኩሴ አላን ዴ ላ ሮሽ ነው። ጲዮስ 5ኛ በ1569 ዓ.ም. ባወጡት ደብዳቤ የጸሎቱን መልክ አጸኑ። ኦክቶበር 7 ቀን 1571 ዓ.ም. በሌፓንቶ የባሕር ጦርነት የክርስቲያን መንግሥታት ኅብረት የኦቶማንን መርከቦች ሲያሸንፍ፣ ድሉ በመቁጠሪያ ጸሎት የተገኘ ነው ተብሎ ታመነ። የመቁጠሪያዋ እመቤት በዓል እስከ ዛሬ በዚሁ ዕለት (በመደበኛ ዓመት መስከረም 27) የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሊዮን 13ኛ ኦክቶበርን የመቁጠሪያ ወር አድርገው ሰየሙ።

ለዘመናት ምስጢራቱ 15 ነበሩ። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በኦክቶበር 2002 ዓ.ም. ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት አምስቱን የብርሃን ምስጢራት ጨመሩ። በዚህም ሙሉው መቁጠሪያ ከ150 ወደ 200 የመልአኩ ሰላምታ አደገ። አብዛኛው ምእመን ግን በቀን የሚጸልየው የዕለቱን አምስት ምስጢራት ብቻ ነው።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ መቁጠሪያ

በምዕራብ ጎጃም የሚታየው የኦርቶዶክስ መቁጠሪያ አገልግሎቱ የተለየ ነው። ምስጢር በምስጢር የተከፈለ ጸሎት የለውም። አጭር ልመና ስንት ጊዜ እንደተደገመ፣ ወይም ስግደት ስንት እንደደረሰ ለመያዝ ያገለግላል። የንስሐ አባት ለንስሐ ልጁ የሚያዘው ስግደትና ጸሎትም በእርሱ ይቆጠራል።

የ41 ቁጥር እግዚኦታና ኪርያላይሶን ከሚደገሙበት ልክ ጋር የተያያዘ ነው። የ64 ፍሬ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት ድንግል ማርያም በምድር የኖረችበትን ዘመን ያመለክታል። ይኸውም 3 ዓመት በወላጆቿ ቤት፣ 12 ዓመት በቤተ መቅደስ፣ 34 ዓመት ከጽንሱ ጀምሮ ከልጇ ጋር፣ 15 ዓመት ደግሞ ከዕርገቱ በኋላ በዮሐንስ ዘንድ ተብሎ ይቆጠራል።

የካቶሊኩ መቁጠሪያ በምእመኑ ሕይወት የያዘውን ቦታ በኦርቶዶክሱ በኩል የያዙት የጸሎት መጻሕፍት ናቸው። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ የሳምንት ቀናት የተከፈለ ሲሆን፣ በትውፊት የቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ድርሰት ነው ይባላል። የሳምንቱን ቀን ተከትሎ መጸለይ በዚህም በዚያም አለ፤ ልዩነቱ የመቁጠሪያው ጸሎት በየቀኑ የሚለውጠው የሚታሰበውን ምስጢር ሲሆን፣ ውዳሴ ማርያም ግን የሚለውጠው ራሱን ንባቡን መሆኑ ነው። መልክአ ማርያምና የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ሰዓታትም በሰፊው ይታወቃሉ። የመልአኩንና የኤልሳቤጥን ቃል አጣምሮ በምልጃ ልመና የሚፈጽመው ጸሎትም የሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት የጋራ ሀብት ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ተብሎ ይታወቃል፤ ከ«አባታችን ሆይ» ቀጥሎም ይጸለያል።

የጊዜ መገጣጠምም አለ። ኦክቶበር በካቶሊኮች የመቁጠሪያ ወር ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ ወርኃ ጽጌ ነው። በዚህ ወቅት ማርያምን በአበባ፣ ልጇን በፍሬ እየመሰለ የሚያወድሰው ማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን ይቆማል። አንዱ ከአውሮፓ የጽጌረዳ ምሳሌ፣ ሌላው ከኢትዮጵያ የመስከረም አበባ ተነሥተው በየራሳቸው መንገድ ያደጉ ልማዶች ናቸው።

በገጠሩ ሕይወት የማርያም ስም ከመጽሐፍ ንባብ ውጭም ሰፊ ቦታ አለው። ወር በገባ በ21 የማርያም ማኅበር ይጠጣል። ግንቦት 1 ልደታ ከቤት ውጭ ንፍሮ ተቀቅሎ ይከበራል። ምጥ በተያዘች ሴት ዙሪያ ያሉ ሴቶች «ማርያም ማርያም» እያሉ ይማጸናሉ፤ በሰላም ስትገላገልም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሏታል።

የምዕራቡ ዓለም የማርያም ክብር ወደ ኢትዮጵያ የገባው በሚስዮናውያን ብቻ አይደለም። ተአምረ ማርያም በ12ኛው ክፍለ ዘመን በምዕራብ አውሮፓ ከተሰበሰቡ ታሪኮች ተነሥቶ በዓረብኛ በኩል፣ በዐፄ ዳዊት ዘመን ገደማ ወደ ግዕዝ ተመልሷል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብና 33 የማርያም በዓላት እንዲከበሩ አዘዋል። ግዕዙ ግን ከአገር የተወለዱ በርካታ ተአምራትን ጨምሮ የራሱ መልክ ይዟል።

የካቶሊክ እምነት በጎጃም ታሪክ

የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚስዮናውያን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ከእነርሱ ዋነኛው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ሲሆን በ1603 ዓ.ም. ደርሷል። ፓኤዝ ኤፕሪል 21 ቀን 1618 ዓ.ም. ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ ጽፏል። ቦታው ዛሬ በምዕራብ ጎጃም ሰከላ ወረዳ ይገኛል። ሚስዮናውያኑ በጎጃም ቆለላ በተባለው ቦታ መኖሪያ ነበራቸው። የንጉሡ ወንድምና የጎጃም ገዥ ራስ ስዕለ ክርስቶስ ከካቶሊክ ወገን መሪዎች አንዱ ሆነ።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ዓ.ም. ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጹ። በ1625 ዓ.ም. የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ምእመናን ዳግም እንዲጠመቁ፣ ካህናት ዳግም እንዲካኑ፣ በዓላትና ሥርዓቶች እንዲለወጡ ጠየቀ። ይህ አብያተ ክርስቲያናትን፣ ገዳማትንና ገበሬውን በአንድነት አስነሣ። ለዓመታት ከዘለቀው ዓመፅና ደም መፋሰስ በኋላ፣ በ1632 ዓ.ም. ንጉሡ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ በዚያው ዓመትም አረፉ። ፋሲለደስ ሚስዮናውያኑን ከአገር አስወጡ፤ በቀይ ባሕር በኩልም ተመልሰው እንዳይገቡ ከኦቶማን ሹማምንት ጋር ተስማሙ።

የግጭቱ መሠረት ማርያም አልነበረችም፤ ሁለቱም ወገኖች አምላክን የወለደች ብለው ያከብሯታል። የከፋፈላቸው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ያለው ትምህርት፣ የሮም ሥልጣንና የሥርዓት ለውጥ ነው። ሚስዮናውያኑ ከወጡ በኋላም ያመጡት የማርያም ሥዕል መቅረቱ ይህን ያሳያል። በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ በኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ተወርሶ፣ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» በሚባለው የሥዕል ዓይነት እስከ ዛሬ በአብያተ ክርስቲያናት ይታያል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የካቶሊክ ታሪክ እንደገና በአንድ ጎጃሜ ስም ይነሣል። አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ዓ.ም. በጎጃም መርጡለ ማርያም አቅራቢያ ዲቦ በተባለች ቦታ ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። መንኩሰው ለረጅም ጊዜ መጻሕፍትን ሲመረምሩ ከቆዩ በኋላ፣ በ1841 ዓ.ም. ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከተላከው ልዑክ ጋር ተጓዙ። ከልዑኩ ጋር ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበሩ፤ ጉዞውም እስከ ሮም ደረሰ። ገብረ ሚካኤል በ1844 ዓ.ም. ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1851 ዓ.ም. ቅስና ተቀበሉ። በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የሆኑት ካሣ እና አቡነ ሰላማ እምነታቸውን እንዲክዱ ሲያስገድዷቸው እምቢ በማለታቸው ታስረው ተገረፉ፤ በ1855 ዓ.ም. በእስር ሰንሰለት እንዳሉ ሞቱ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1926 ዓ.ም. ብፁዕ ሰማዕት ብላቸዋለች። ደ ያቆቢስ ደግሞ በ1975 ዓ.ም. ቅዱስ ተብለዋል።

የዛሬው ሁኔታ

በ2007 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ 1999 ዓ.ም.) በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ካቶሊኮች 0.7 በመቶ ያህል ነበሩ። በምዕራብ ጎጃም ዞን ከ98 በመቶ በላይ የሆነው ሕዝብ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነው። ስለዚህ የካቶሊክ መቁጠሪያ ጸሎት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ የጥቂቶች ልማድ ነው።

የአማራ ክልል ካቶሊኮች የሚተዳደሩት በባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት ነው። ይህ ሀገረ ስብከት ጃንዋሪ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳሳዊ ሀገረ ስብከት ተከፍሎ ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ጳጳስም አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ማቴዎስ ሆኑ። ሥርዓተ አምልኮው የግዕዝ ሥርዓት ነው። ከቡሬ ተነሥቶ ዓባይን የሚሻገረው መንገድ ወደሚያደርስበት ነቀምቴ ያለው ሐዋርያዊ አስተዳደር ግን የላቲን ሥርዓት ይከተላል። በዚህ ምክንያት ምዕራብ ጎጃም ሁለቱ የካቶሊክ ሥርዓቶች በሚጎራበቱበት መስመር ላይ ይገኛል።

በግዕዝ ሥርዓት ያለው ቦታ

የመቁጠሪያ ጸሎት ከላቲን ሥርዓት የመጣ ስለሆነ፣ የግዕዝ ሥርዓት በሚከተሉ ካቶሊኮች ዘንድ ቦታው ያከራክራል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ኖቬምበር 21 ቀን 1964 ዓ.ም. ስለ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ድንጋጌ፣ የምሥራቅ ካቶሊኮች የራሳቸውን ጥንታዊ ሥርዓት እንዲጠብቁና ከእርሱ ርቀው ከሆነ ወደ እርሱ እንዲመለሱ አሳስቧል።

በአንድ በኩል፣ ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ ውዳሴ ማርያምና ሰዓታት እያሉለት የውጭ ልማድ ማስቀደም የለበትም የሚል አስተያየት አለ። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክም የአገርን ሥርዓት በላቲን መተካት ምን እንዳስከተለ ያስታውሳል። በሌላ በኩል፣ መቁጠሪያው መጽሐፍም ካህንም ሳያስፈልግ በቤት፣ በመንገድና በሕመም አልጋ ሊጸለይ ይችላል። ቤተ ክርስቲያን በቅርብ በማይገኝበት ቦታ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የግል ጸሎት እንጂ የቅዳሴ ክፍል ስላልሆነ ሁለቱን አንድ ሰው አጣምሮ ሊይዝ ይችላል፤ በተግባርም በኢትዮጵያና በኤርትራ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች መቁጠሪያ መጸለይን አልተዉም።

የሚቀርብበት ትችት

ፕሮቴስታንቶች በማቴዎስ 6፥7 ላይ በተጻፈው፣ በጸሎት ከንቱ መደጋገምን በሚከለክለው ቃል ተመሥርተው ጸሎቱን ይተቻሉ፤ ጸሎት ለእግዚአብሔር ብቻ መቅረብ አለበትም ይላሉ። ካቶሊኮች ለዚህ ሲመልሱ፣ የተከለከለው ልብ የሌለበት ብዙ ቃል እንጂ መደጋገም ራሱ አለመሆኑን፣ ኢየሱስም በጌቴሴማኒ ያንኑ ቃል ደግሞ መጸለዩን (ማቴዎስ 26፥44) ይጠቅሳሉ። ለማርያም የሚቀርበውም የአምልኮ ሳይሆን የምልጃ ጥያቄ ነው ይላሉ። በዚህ ነጥብ ላይ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መልስ ከካቶሊኮቹ ጋር ይቀራረባል፤ እግዚኦታን 41 ጊዜ መድገምና የእመቤታችንን ምልጃ መለመን የራሷም ሥርዓት ነውና።